የታጠፈው ወረቀት

መምህሩ የሒሳብ ምደባ ፈተናውን አርሞ ሲጨርስ፣ ለልብስ ሰፊዋ ማስሊያ እንዲሆናት የሰጣትን ወረቀት አገላበጠ። ከሃምሳ በታች ካመጣች ኮሌጁን የምትጀምረው አንድ ዓመት ማካካሻ ተምራ ነው፤ ትናንት የተፈተነችው ልጇም የደረሳት ይኸው ነበር። ወረቀቱ ላይ እጥፋት እንጂ አንድም ቁጥር አልነበረም።

«እናቴ፣ የት ነው ያሰሉት?»

«እሱው ላይ ነዋ።» ወረቀቱን ተቀብላ እንደ ጨርቅ ለሦስት፣ መልሳም ለአራት አጠፈችው። ከዚያ ዘርግታ በጥፍሯ ቆጠረች። «ይኸው አሥራ ሁለት ቤት። ሩቡ ሦስት፣ ስድስተኛው ሁለት፣ ሲደመር ከአሥራ ሁለቱ አምስት።»

መምህሩ ሌላ ወረቀት አንስቶ ለሦስት ለማጠፍ ሞከረ። አንዱ ጎን ተረፈው። ደግሞ ሞከረ።

«እጅዎን ላላ ያድርጉት» አለች ሳቋን አፍና። «ኧረ ውጤቴን!»

«ውይ! ዘጠና አንድ። ማካካሻ ምን ያደርግልዎታል!»

ወረቀቱን እንደሚተኮስ ልብስ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው። በሩ ላይ የቆመችው ልጇ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ ድንገት አቋረጠች።

«እማዬ፣ እኔ ብቻዬን ማካካሻ ልቀመጥ ነው?»

እናት ወረቀቱን ዘረጋችላት። «ነይ እስቲ፣ ለሦስት እጠፊው።»