ዝቅ ያለው መደርደሪያ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ የድሮ ቤታቸው አላስቀምጥ ስላላት፣ ደላላ ይዛ ያን ሰፊ ከተማ ስትዞር ሰነበተች። አንዱ ሰፈር በጫጫታው፣ ሌላው በጭርታው አልጥም አላት። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት አከራይ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከፈቱላት። ብርሃኗ ደስ ይላል። የማድቤቱ ግድግዳ ላይ ግን አዲስ የእንጨት መደርደሪያ በጣም ዝቅ ብሎ ተመትቷል።

«እንዲህ አውርዶ የመታው ማነው?» አለች ፈገግ ብላ። እጇን ብትሰድ ልክ ደረሰላት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በርጩማ ላይ እየወጣች ነው ዕቃ ስታወርድ የኖረችው።

«ባለቤትሽ ናቸዋ፣ ልጄ» አሉ አከራይዋ። «ጠዋት መጥተው፣ ‹ቤቱን ትወደዋለች፣ ሳትመጣ ልጨርስላት› ብለው ሲመቱ አረፈዱ። እኔማ ተነጋግራችሁ መስሎኝ!»

ደላላው ደንግጦ ጥቁር ልብሷን ተመለከተ።

«እማማ፣ ባለቤቴ እኮ…» ብላ ሳትጨርስ፣ ከመኝታ ክፍሉ ሚስማር ሲመታ ተሰማ። ከዚያ መዶሻው ቆመ።

«ጩጬዬ፣ ደረሰልሽ?» አለ፣ እሷን በዚህ ስም የሚጠራት ብቸኛው ሰው ድምፅ።

እጇን ከመደርደሪያው ሳታነሳ፣ «ደረሰልኝ» አለችው።