ሰማያዊው መስመር

ዌንደል ከሞተሩ ወርዶ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መካኒኩ ኦቲስ ላፕቶፕ ሮጠ። ቀዩ መስመር አሁን የነዳው ዙር ነው። ሰማያዊው የምንጊዜም ምርጡ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ሜዳውን ይዞሩና የአምስተኛው ኩርባ አፍ አጠገብ ሲደርሱ ቀዩ ወደኋላ ይቀራል።

«አሁንም ቀድመህ ፍሬን ያዝክ» አለ ኦቲስ።

«አውቃለሁ።»

«በጣም ቀድመህ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

ከመቀመጫው ኋላ የተለጠፈችው ጂፒኤስ የክብሪት ሳጥን ታህላለች። ነጂው በየቅጽበቱ የት እንደነበረና በምን ፍጥነት እንደሄደ ትመዘግባለች። ለማንም አታዝንም፤ ለማንም አታዳላም።

ዌንደል አምና ጥቅምት ላይ እዚሁ ኩርባ ጋ ወድቆ ትከሻውን ሰብሯል። ያ ቀን ከጭንቅላቱ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ሜዳው ላይ የፈሰሰ ዘይት ነው የጣለው ተባለ። ሞተረኛ ሲወድቅ መቼም ዘይት ነው፤ በዊስኮንሲን ሜዳዎች በራሱ ጥፋት የወደቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ሆስፒታል ሊጠይቁት የመጡት ሁሉ ስለ ዘይቱ አወሩለት፤ እሱም አመነ። ሞተሩ ብትንትኑ ወጣ፤ ሳጥኗን ግን ጭረት እንኳ አልነካትም። ኦቲስ ከስብርባሪው ነቅሎ አዲሱ ሞተር ላይ ለጠፋት።

በረዶው ሲቀልጥ ዌንደል ተመለሰ። አምስተኛው ኩርባ ብቻ አልመለስለት አለ። እዚያ ሲደርስ እጁ ሳያዘው ፍሬኑን ይጨብጣል።

ዛሬ ደግሞ ሜዳው ለዘንድሮ ክፍት የሚሆንበት የመጨረሻ ቀን ነው። የቡድኑ ባለቤት ቨርና ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ጠዋት ሳይደብቁ ነገሩት። «ልጄ፣ እኔ እወድሃለሁ። ግን ለከርሞ ያለኝ አንድ ሞተር ነው። ወይ የድሮ ፍጥነትህን አምጣ፣ ወይ ቦታውን ለሪስ እሰጠዋለሁ።»

ሪስ የኦቲስ ታናሽ ወንድም ነው። እዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሆትዶጉን ይገምጣል።

ይህችን ነገር ዌንደል ከጠዋት ጀምሮ ሲያላምጣት ነው የዋለው። ሞተሩን የሚያስተካክለው ኦቲስ። መረጃውን ከሳጥኗ የሚያወጣው ኦቲስ። ሰማያዊውን መስመር አምጥቶ «ይሄን ድረስበት» ያለውም ኦቲስ። ወንድም ያለው ደግሞ ያው ኦቲስ ነው።

ሚስቱ ማርላ ክንዱን ያዘችው። «ዌንደልዬ፣ አፈር ስሆን ይቅርብህ። ቤታችን እንሂድ።»

«ያኔ ያደረግሁትን አሁን ለምን ያቅተኛል? ንገሪኛ! ይሄን ካጣሁ እኮ ምንም አይደለሁም ማርላ። ምንም!»

እንባው ሄልሜቱ ውስጥ ወረደ። ሊጠርገው አልቻለም። ወደ ኦቲስ ዞረ።

«አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄን መስመር ነካክተኸዋል አይደል?»

«ምን?»

«እንዳልደርስበት አድርገህ ነው የሠራኸው። ለወንድምህ ብለህ።»

ሪስ ማኘኩን አቆመ።

«አብደሃል እንዴ!» አለ ኦቲስ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሞተርህን የሠራሁልህ ሰውዬ! ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያወጣው። ሜዳውን ይቆራርጥና ለየቁራጩ እስከ ዛሬ ከነዳኸው ሁሉ ፈጣኑን መርጦ አንድ ዙር አድርጎ ይሰፋዋል። እያንዳንዷ ቁራጭ ያንተው ናት።»

«ከድልድዩ እስከ አምስተኛው ኩርባ አፍ ያለችውም?»

«እሷም ያንተው ናት አልኩህ!»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ» አለ ዌንደል። «እሺ። የእኔ ከሆነች እደርስባታለሁ።»

መሪው ላይ ትንሽ መብራት አለች። ከሰማያዊው ሲዘገይ ቀይ ትበራለች፤ ሲደርስበት አረንጓዴ።

«አረንጓዴዋን ሳላይ ፍሬን አልነካም» አለና ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ።

ኦቲስ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ሌባ ተብሎ አያውቅም።

«ማርላ ነይ፣ አንቺ ምስክር ሁኚኝ» አለ። «ያቺ ቁራጭ ከየትኛው ቀን እንደመጣች አሁን እናያለን። ከዚያ ባልሽ ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ በእግዜር!»

ማርላ አጠገቡ ቆመች። እሷም በልቧ ኦቲስን ስትጠረጥረው ቆይታለች፤ ዓይኗን ከጣቶቹ አልነቀለችም። ኦቲስ የተሰፋውን ዙር ዘጋው። ቁራጯ የተወሰደችበትን ቀን ፈልጎ የዚያን ዙር ሙሉ መስመር እንዲያወጣ አዘዘው። ላፕቶፑ ያረጀ ነው፤ እያዘገመ መሳል ጀመረ።

ከሜዳው ማዶ የዌንደል ሞተር ድልድዩን አልፎ ቀጥታው ላይ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ድምፁ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይል ነበር።

«ፍሬን ገና አልያዘም!» አለ ሪስ ተነሥቶ። ራሱን የሚጎዳ ነገር መሆኑን እንኳ ረሳው። «ኧረ ገና ነው! አይ ዌንደል! ተመለሰ እኮ ሰውዬው!»

ቨርና ከወንበራቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

ማርላ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። ቀኑ የአምና ጥቅምት፣ ዌንደል የወደቀበት ቀን ነበር።

ሰማያዊው መስመር እስከ ኩርባው አፍ ድረስ ከሁሉም ፈጥኖ መጣ፤ ከዚያ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሣሩ ውስጥ ገባና አበቃ።