የጋሽ መርዕድ «አዎ»

«ሳቁን ስትወስዱ ዝም አልኩ፤ ይቺን ግን አትነኳትም!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

በዚህ ዘመን ተዋናይ ለፊልም የሰጠው አመል ከራሱ ይነቀላል፤ ተመልሶም አይበቅልም። ባለቤታቸው ጋሽ መርዕድ ካለፈው ፊልማቸው ወዲህ ነገር ሲያስቃቸው ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

«እትዬ፣ በሚቀጥለው ፊልም ዋናው ሰውዬ አዎ የሚለው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ናሆም። «እንደ ጋሼ የሚስባት የለም።»

«ማንኮራፋቱን ውሰድ! እሱን መርቄ እሰጥሃለሁ።»

ጋሽ መርዕድ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«ትስቃለህ? ሠላሳ ዓመት ከጓዳ ሆኜ ሳወራህ መስማትህን የማውቀው በሷ ነው። ራስህን ብትነቀንቅ ከዚያ ይታየኛል?»

«አስካልዬ፣ ዋና ተዋናይ ሆኜ እኮ አላውቅም» አሉ ጋሽ መርዕድ፣ ናሆም ባቀረበላቸው ውል ላይ እስክሪብቶውን በጣታቸው እያንከባለሉ።

ወይዘሮ አስካለ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ ድስት ሲከደን ተሰማ።

«መርዕድ፣ ሽሮው ላይ ቃሪያ ልጨምርልህ?»

ጋሽ መርዕድ ውሉን አዩት። ከዚያ «ህ!» ብለው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡና ወረቀቱን ሳይፈርሙ በአንድ ጣት ወደ ናሆም ገፉት።

«ቅቤስ?»

«ህ!»

ናሆም ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ወጥቶም በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ሚጥሚጣስ?»

«ህ!»