አራት ወር የቀረ

ራቢአ ከቡራዩ ተነስታ ሰበታ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ መጣች። ነርሷ ሲስተር ማሪቱ ለምን እዚያው ሰፈሯ እንዳልታከመች ስትጠይቃት «እዚያ ሰው ያውቀናል» አለች በሹክሹክታ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወሩ። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃታል።

«ልጆች አሉዎት?»

«የሉኝም።»

ማሪቱ ካርዱ ላይ ጻፈች።

ውጭ አንድ ግዙፍ ሰው ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ራቢአን ክንዷን ይዞ ያስገባት እሱ ነው። ውጭ ይቆዩ ከተባለ ወዲህ ሁለቴ አንኳኩቶ «አላለቀም?» ብሏል። ባንኳኳ ቁጥር ራቢአ ክው ትላለች።

«ባለቤቴ ጃዕፈር ነው። ሲስተር፣ ውጤቱን እሱ ፊት እንዳትነግሪኝ፤ በአላህ።»

«ይመታዎታል?»

«ኧረ እሱስ ነክቶኝም አያውቅ።»

ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሉት። አምና እንዲሁ ብላ የወጣች ሴት በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተመልሳለች። ማሪቱ ያቺን ሴት አልረሳቻትም።

የሽንት ምርመራው ውጤት መጣ። አልትራሳውንዱም ምንም አላሳየም። ማሪቱ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንኳን ደስ ያለዎት፤ እርግዝና አይደለም። ወደ ማረጥ እየተሸጋገሩ ነው። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ አንዴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ አንዴ ወራት ይዘላል። ላቡም ከዚሁ ነው፤ በሽታ አይደለም። ደም በጣም ከበዛብዎት ግን ይምጡ። ደግሞ ዓመት ሙሉ ሳያዩ እስኪቆዩ ድረስ አበቃ አይባልም፤ ድንገት ማርገዝም ስላለ ይጠንቀቁ።»

የራቢአ ከንፈር ነጣ።

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«ምንም አይንገሩት። ከፈለጉ በጓሮ በር ላስወጣዎት።»

ራቢአ የሰማቻት አትመስልም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

በሩ ተንኳኳ። አሁን ግን ሰውየው መልስ አልጠበቀም፤ ከፍቶ ገባ። ማሪቱ ሳታስበው ተነስታ ራቢአን ከኋላዋ አደረገች። ሰውየው ፊቱ በላብ ወርዝቷል፤ ማሪቱ ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ተጠጋ።

«ሲስተር» አለ ጃዕፈር፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ወንድ ነው ሴት?»