ማንም የሚጽፍበት ፎልደር

የክሊኒኩን ዳታቤዝ የጫነልን ቴክኒሻን፣ በየደቂቃው እንዳንጠራው ብሎ የበሽተኞቹን ካርድ ፎልደር ማንም እንዲጽፍበት ክፍት ትቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ጠዋት ካርድ ክፍል ስገባ የአንድ በሽተኛ የሞት ቀን ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ቀኑ ሁልጊዜ የነገ ነው። እስካሁን የአራት ሰው ተሞላ፤ አራቱም በተጻፈላቸው ቀን ሞቱ።

ዛሬ ቴክኒሻኑን ለምኜ አመጣሁት።

«እትዬ፣ አንዱ ሥራ ፈት እየቀለደብዎት ነው» ብሎ እየሳቀ የሁላችንንም የመጻፍ ፈቃድ አነሳ። «በቃ፣ ከአሁን በኋላ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም።»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል የእሱ ስም ተጻፈ፤ ከጎኑም የነገ ቀን።

«ሰርዘው እንጂ!» አልኩት።

ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ፈቃድ የለህም ይለኛል።»