ስኳር ያባረርኩበት ቤት

«ላብሽ ነው ወይስ ውሃ ነክቶሽ ነው?» አልኳት እማዬን፣ ግንባሯ ላይ ቸፍ ብሎ ሳየው።

ምስር እየለቀመች ነበር። ጠጋ ብዬ ሳያት ምስሩ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ፈሷል። እሷ ግን በሚንቀጠቀጡ ጣቶቿ ባዶውን ሰፌድ ትለቅማለች።

«እማዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ትጊን ጥሪልኝ» አለች።

ትጊ እኔ ነኝ።

ጣቷን ወግቼ ደሟን መለኪያው ላይ አስነካሁት። አርባ አንድ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መለኪያውን ነው። ወራት ሙሉ የተዋጋሁት ከሚወጣ ቁጥር ጋር ነዋ። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ስኳሯ ጣሪያ ነካ፤ ለእሱም ሌላ ኪኒን ታዘዘላት። እኔም ስለ ስኳር በስልኬ ያላነበብኩት የለም። በቅርቡ ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎኑን በግማሽ ቀነሰላት፤ ከዚያ ወዲህ የጠዋት ቁጥሯ በየቀኑ ሲወርድ «የማበላት ጎመን ነው ያወረደው» ብዬ ለቡራዩ ሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

አርባ አንድ ግን የሚወራለት ቁጥር አይደለም፤ ከሰባ በታች ከወረደ አደጋ ነው። እሱንም አንብቤዋለሁ። ጣፋጭ ነገር፣ አሁኑኑ፣ ራሷን ሳትስት።

ጓዳ ሮጥኩ። ጨው አለ። በርበሬ አለ። አብሽ በዕቃ በዕቃው አለ። ስኳሩን፣ ማሩን፣ ማርማላታውን፣ እንግዳ ያመጣውን ብስኩት ሳይቀር ጠራርጌ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ግቢውን አቋርጬ ጎረቤታችን አዴ ላሊሴ ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ። ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ስኳር ስጡኝ።»

«ለማን?»

«ለእማዬ።»

«የለም» አሉ፣ ቢላዋቸውን እንኳ ሳያቆሙ። «ለእናቴ ማንኪያ ስኳር የሰጠ በቁሟ እንደገደላት ይቁጠረው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ግቢውን ሰብስበሽ ስታስምዪን ደግሞ ዓይንሽ እኔ ላይ ብቻ ነበር። እኔ መሐላ አላፈርስም፣ ልጄ።»

ሲጠብቋት የኖሩት ቀን ነበረች፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣላቸውም ነበር።

«ስኳሯ ወርዶባታል» አልኩ። «አላወቀችኝም።»

ቢላዋው ቆመ። «ማል ታቴ? ምን ሆነች?» ብለው ብድግ ሲሉ ሽንኩርቱ ተበተነ። የስኳሩን ጣሳ ከመደርደሪያ ላይ አወረዱና፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ከኔ ቀድመው ደረሱ።

እሳቸው የእማዬን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ ደገፉ፤ እኔ ስኳሩን በውሃ በጥብጬ ኩባያውን አፏ ላይ ያዝኩ። ግማሹ በአገጯ ወረደ።

«ዋጪው። እኔ ልጅሽ አይደለሁም፣ እኔን አትከራከሪኝም» አሏት።

ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ኩባያው ባዶ ሆነ።

«አሁንስ? ያ ስልክሽ ምን ይላል?»

«ጠብቁ ይላል።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

ጠበቅን። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። አዴ ላሊሴ የእማዬን ፀጉር እየዳበሱ በኦሮምኛ ቀስ ብለው የሚሉት ነበር፤ ጸሎት ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። እኔ የማየው እጇን ነው። መንቀጥቀጡ መጀመሪያ ከትንሿ ጣቷ ላይ ጠፋ።

እማዬ ከንፈሯን ላሰች።

«ይሄ ስኳር ነው?»

«አዎ» አሉ አዴ ላሊሴ።

«ትጊ እንዳታይሽ።»

«እማዬ፣ ትጊ እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽንማ አየሁ» አለች። «ካየሽ አይቀር ትንሽ ጨምሪልኝ።»

አዴ ላሊሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። ጣቷን ደግሜ ወጋሁ፤ ሰባ ስምንት። ዳቦ ቆርሼ አስያዝኳትና ሐኪሟ ጋ ደወልኩ።

«ፕሬድኒሶሎኑ ሲቀንስ የስኳሩን ኪኒን እንደነበረው ነው የቀጠለችው?» አለኝ።

«እንደነበረው።»

«እሱ ነው። ስኳሯን ሲያወጣው የነበረው ፕሬድኒሶሎኑ ነው፤ እሱ ሲወርድ የስኳሩ ኪኒንም አብሮ መውረድ ነበረበት። በደንብ ትብላና ዛሬውኑ ይዘሻት ነይ፣ ኪኒኑ ከሰውነቷ እስኪወጣ ደግሞ ሊወርድባት ይችላል። መንገድ ላይ ጣፋጭ ነገር ያዢ።» ልዘጋ ስል ቀጠለ። «ስሚ፣ ክፉ ነገር አይደለም። ፕሬድኒሶሎኑን እየተውን በሄድን ቁጥር የስኳሩንም እንቀንሳለን። ጨርሶ ልትተወውም ትችላለች።»

ስልኩን ዘጋሁ።

«ምን አለ?» አሉ አዴ ላሊሴ።

«የስኳሩ ኪኒን በዝቶባት ነው አለ። ይቀነስላታል።»

«ጎመኑስ?»

«ስለ ጎመን አልጠየቅኩትም።»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ጣሳቸውን ክፍት እንዳለ እዚያው ትተውልን ሽንኩርታቸውን ሊለቅሙ ሄዱ።

ፎጣ አርጥቤ የእማዬን ላብ ልጠርግ ተንበረከክሁ። ይሄ ፊት ፕሬድኒሶሎኑ ነፍቶት እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ካለ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል፣ ወፈርሽ» ሲላት እሷም ታመሰግናለች፣ እኔም በልቤ እሳደባለሁ። ግንባሯን ጠረግሁ፣ ወደ ጉንጯ ወረድሁ። ከፎጣው ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ነካኝ።

ፎጣውን ትቼ በጣቴ ዳሰስሁት። እብጠቱ ሲጎድል ብቅ ያለ የጉንጯ አጥንት ነው። የድሮው፣ ከዓይኗ ሥር ሾል ብሎ የሚወጣው፣ የኔም ፊት ላይ ያለው።

«ምን አገኘሽ?» አለች፣ አፏ ዳቦ እንደያዘ።

እጄን አላነሳሁም። ስታኝክ ከጣቴ ሥር ይንቀሳቀሳል።