የአንበሳው ክብ

የከተማው የአራዊት ማቆያ ፈርሶ አውሬዎቹ ለየዕድሩ ሲታደሉ፣ ለእነ ዝናሽ ዕድር የደረሰው አንድ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ አንበሳ ነበር። በየወሩ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል። ተራዬን ዝለሉኝ ማለት ያስቀጣል።

"ለሌላው ዕድር እኮ ጦጣ ነው የደረሰው!" እያለች ዝናሽ ተራዋ ሲደርስ ሶፋዋን ወደ ግድግዳ ገፋች። "በል እንግዲህ፣ እንደ ልብህ ተንጎራደድ!"

አንበሳው ሳሎኑ መሀል ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞረ። ደግሞ ሦስት፣ ደግሞ ዞረ። ወሩን ሙሉ እንዲህ እየዞረ ከሠራት ጠባብ ክብ አልወጣም።

"ጋሼ መሸሻ፣ ምን ነክቶት ነው?" ስትል የዕድሩን ዳኛ ጠየቀቻቸው።

"የተወለደው በድሮው የብረት አጥር ውስጥ ነዋ። ያ ከሦስት እርምጃ በላይ አያስኬድም ነበር። ኋላ ሰፊ ግቢ ሲሠሩለትም እንዲሁ ሲዞር ኖረ። የእኔንም ምንጣፍ ፈጅቶታል።"

"ሞኝ!" አለች ዝናሽ። "ቤቱ ሁሉ ተለቆለት!"

ወሩ ሲያልቅ ተረኛው ጎረቤት መጥቶ ወሰደው። ዝናሽ እፎይ ብላ ቤቷን ጠራረገች። ምንጣፉ ላይ ግን የተላጠ ክብ ቀረ።

እሑድ ዕድርተኛው እሷ ቤት ተሰበሰበ። ሃያ ሰው እየተሳሳቀ ገባ። አንድም ሰው መሀሉን አልረገጠም፤ ሁሉም ክቡን ዞሮ ተቀመጠ።

ዝናሽ ሳቋ መጣ። "ሰው ሁሉ ሞኝ ሆነ እንዴ?" እያለች የቆሎውን ሰሃን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ክቡ ጋ ስትደርስ እግሯ ወደ ዳር ዞረ።